መኪናዎ ዋጋ ይዟል ወይስ ጥሏል? በአዲስ አበባ ገበያ የሚለካበትና የሚጠበቅበት መንገድ

ከአምስት ዓመት በፊት በ1,000,000 ብር የተገዛ መኪና ዛሬ በ1,800,000 ብር ተሸጠ እንበል። ሻጩ 800,000 ብር ያተረፈ ይመስለዋል። ይኸው ሰው ብሩን ይዞ ያንኑ ዓይነት መኪና፣ እሱ ሲገዛው በነበረው ዕድሜና ኪሎ ሜትር ልግዛ ቢል ግን 2,400,000 ብር ይጠየቃል። ስለዚህ መኪናው ከመተኪያው ዋጋ አንድ አራተኛውን ጥሏል ማለት ነው። እኛ ገበያ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ የብሩን መርከስ ከመኪናው መወደድ ጋር ይደባልቀዋል።

ቁጥሮቹ ለስሌት የተወሰዱ ናቸው፤ ስሌቱ ግን ለማንኛውም መኪና ይሠራል። መጀመሪያ መኪናውን ሲገዙት ስንት ዓመቱ እንደነበረ ይያዙ። የ8 ዓመት መኪና ከነበረ፣ ዛሬ 8 ዓመት የሆነው ተመሳሳዩ በስንት እንደሚሸጥ ያጣሩ። ያ የመተኪያ ዋጋ ነው። የእርስዎ መኪና ዛሬ የሚያወጣውን ለመተኪያው ያካፍሉ፤ 1,800,000 ለ2,400,000 ሲካፈል 75 ከመቶ ይመጣል። ቀጥሎ በልዩነቱ ላይ ያልተለመደ የጥገና ወጪ ይደምሩ፤ የሞተር ወይም የማርሽ ሥራ 150,000 ብር ከወሰደ 600,000 ሲደመር 150,000፣ ጠቅላላው 750,000 ይሆናል። ለአምስት ዓመት ሲካፈል በዓመት 150,000 ብር በዛሬ ዋጋ በልቷል። ሁለት መኪኖችን ሲያወዳድሩ ይህን የመጨረሻ ቁጥር ብቻ ያወዳድሩ። ሲሸጥ ዋጋ የያዘ የሚመስል ግን በየዓመቱ ጋራዥ የሚውል መኪና፣ በዚህ መንገድ ሲሰላ ገመናው ይወጣል።

ተመሳሳዩ ከገበያ ከጠፋ፣ በዚያው ደረጃ ያለውንና ገዢው ወደ እሱ የሚዞርበትን መኪና መተኪያ አድርገው ይውሰዱ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፤ ምክንያቱ ቀጥሎ አለ።

ዋጋውን የሚያንቀሳቅሰው ከመኪናው ውጭ ያለው ነገር

በአሜሪካ ገበያ አዲስ መኪና በመጀመሪያው ዓመት ከዋጋው አንድ አምስተኛ ገደማ፣ በአምስት ዓመት ደግሞ ግማሽ ያህሉን መጣሉ የተለመደ ነው። እንደ ቶዮታ ታኮማና ጂፕ ራንግለር ያሉት ጥቂቶች ከዚያ በጣም ያነሰ ይጥላሉ፤ ትልልቅ የቅንጦት ሴዳኖች ደግሞ ከዚያም ይብሳሉ። እዚያ ዋጋውን በዋናነት የሚወስኑት ዕድሜና ኪሎ ሜትር ናቸው። እኛ ዘንድ ግን ከሁለቱም በላይ ታክስ፣ የውጭ ምንዛሪና መመሪያ ይወስናሉ።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 የመኪና ገበያውን ከሥሩ ለወጠው። እስከ 1,300 ሲሲ የሆነ አዲስ መኪና 5 ከመቶ ብቻ ሲጣልበት፣ ያገለገለው ዕድሜውና የሞተሩ መጠን በጨመረ ቁጥር ታክሱ እየናረ እስከ 500 ከመቶ ይደርሳል። ከዚያ በፊት ያገለገለ መኪና የእርጅና ቅናሽ እየተደረገለት ይገባ ስለነበር፣ የአዲስ አበባ መንገድ በአሮጌ ቪትዝና ኮሮላ የተሞላው ለዚህ ነው። አዋጁ የአሮጌውን መግቢያ በር ሲዘጋ፣ ቀድመው የገቡት መተኪያቸው ተወደደ፤ ስለዚህም ዋጋቸውን ያዙ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ በስተቀር መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አሳወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ብር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከዶላር አንጻር ክፉኛ ወረደ። ሦስቱም በነዳጅ መኪና ላይ በአንድ አቅጣጫ ሠሩ፤ የመተኪያውን ዋጋ ወደ ላይ ገፉት።

በመመሪያ የወጣ ዋጋ ግን በመመሪያ ይወርዳል። ክልከላው ቢላላ ወይም ታክሱ ቢቀነስ መጀመሪያ የሚመታው በእጥረት ብቻ የተወደደው መኪና ነው፤ ሰው በምቾቱና በጥንካሬው ስለሚፈልገው የተወደደው በኋላ ይነካል። ስለዚህ አንድ መኪና ለምን ውድ እንደሆነ ሳያውቁ «ዋጋ ይይዛል» ብለው አይግዙት።

የሚይዙትና የሚጥሉት

ቪትዝ፣ ያሪስና ኮሮላ ከሁሉም የተሻለ ይይዛሉ። ምክንያቱ ስማቸው ብቻ አይደለም። የመለዋወጫ ገበያው ሱማሌ ተራ ሄደው የቪትዝ በር፣ የፊት መብራት፣ ስፖኪዮ ወይም ሙሉ ሞተር ቢጠይቁ በዕለቱ ያገኛሉ፤ ኦሪጅናሉን፣ ያገለገለውንና የቻይናውን በሦስት ዋጋ ያቀርቡልዎታል። ክፍለ ሀገር ላይ ቢበላሽ የሚያውቀው መካኒክ አለ። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ ሲነሳ ደግሞ የ1,000 እና የ1,300 ሲሲ ሞተር ያለው የበለጠ ተፈላጊ ሆነ። ሦስቱ ነገሮች፣ መለዋወጫ፣ መካኒክና ነዳጅ፣ አንድ ላይ ሲገኙ መኪናው ቶሎ ይሸጣል፤ ቶሎ የሚሸጥ መኪና ደግሞ ባለቤቱን ለድርድር አያስጎነብስም።

ሃይሉክስ፣ ሃይኤስ አባዱላና ላንድክሩዘር የሚይዙበት ምክንያት ሌላ ነው፤ ገንዘብ የሚያስገቡ ወይም ኮረኮንች የሚችሉ ስለሆኑ ነው። የሥራ መኪና ዋጋ ከሥራው ገቢ ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። እነዚህን ሲገዙ ስለ ዲ ፎር ዲ ናፍጣ ሞተሩ ሁለት ነገር ይጠይቁ፤ የታይሚንግ ቺንጋው መቼ ተቀየረ? ኢንጀክተሮቹ ተፈትሸዋል? ቺንጋ ያለው ሞተር ከሆነ በየ100,000 እስከ 150,000 ኪሎ ሜትር መቀየር አለበት፤ ከተበጠሰ ቴስታታውን፣ ማለትም የሞተሩን የላይኛ ክፍል፣ ይዞ ይሄዳል። የመቀየሪያው ቀን የማይታወቅ ከሆነ እንዳልተቀየረ ቆጥረው ከዋጋው ይቀንሱ።

ሱዙኪ ዲዛየር በነዳጅ ቁጠባው ስለሚፈለግ ጥሩ ይይዛል። ሆኖም ብዙዎቹ የራይድ ሥራ የሠሩ ናቸው፤ ተመሳሳይ ዓመት ካላቸው ሁለት ዲዛየሮች መካከል ከቤት ሥራ ቦታ ብቻ የተመላለሰውና ቀኑን ሙሉ ሲሠራ የዋለው አንድ ዋጋ ሊኖራቸው አይገባም። የኋላ ወንበሩን ይዩ። የቤት መኪና የሾፌሩ ወንበር ብቻ ሲያረጅ፣ የሠራው መኪና የቀኝ የኋላ ወንበሩ፣ የዚያው በር እጀታና የወለሉ ምንጣፍ አብረው ያልቃሉ።

ሂዩንዳይና ኪያ መሃል ላይ ናቸው፤ የሚገዙት ከቶዮታ ረክሶ ነው፣ የሚሸጡትም እንዲሁ። መግዣው ላይ ቅናሹን ካገኙ መሸጫው ላይ አይቆጭዎትም። የሊፋን ዓይነት የቻይና ነዳጅ መኪኖች በፍጥነት ይጥላሉ፤ መለዋወጫቸው ከጥቂት ሱቆች ውጭ አይገኝም። ቢኤምደብሊውና መርሴዲስ ደግሞ ሲገዙ ዓይን ይሞላሉ፤ ሲሸጡ ግን ገዢው የሚያሰላው የአንድ ኮምፒውተር ወይም የአየር ሱስፔንሽን ብልሽት የሚያስወጣውን ነው። ይህ ማለት መጥፎ መኪና ናቸው ማለት አይደለም፤ ለአሥር ዓመት ሊነዳው የሚፈልግ ሰው ሌላው የጣለውን ዋጋ እንደ ቅናሽ ይጠቀምበታል። በሁለት ዓመት ውስጥ ሊሸጥ ያሰበ ግን ይራቀው።

መሪው የዞረ ቪትዝ

ይህ ብቻውን የሚታይ ጉዳይ ነው፤ ሁለት በዓመት፣ በቀለምና በሲሲ አንድ የሆኑ ቪትዞች የዋጋ ልዩነታቸው ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመነጫል። ቪትዝ ለጃፓን ገበያ በቀኝ መሪ የተሠራ መኪና ነው። እኛ የምንነዳው በመንገዱ ቀኝ ስለሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ዱባይና አካባቢዋ መሪው ወደ ግራ ዞሮ ይመጣል። ለአውሮፓ የተሠራው ያሪስ ግን ከፋብሪካው የግራ መሪ ስለሆነ ይወደዳል።

መዞሩን ለማወቅ መጀመሪያ የሻንሲ ቁጥሩን ያንብቡ። ለጃፓን ገበያ የተሠራው አጭር ቁጥር አለው፤ እንደ ኤስሲፒ10 ወይም ኬኤስፒ90 ያለ መነሻ፣ ከዚያ ሰረዝና ሰባት አሃዝ። ለሌላ አገር የተሠራው 17 ፊደልና ቁጥር ያለው ነው። ቀጥሎ የዙሩን ጥራት ይመርምሩ። ኮፈኑን ከፍተው ሞተሩንና ጋቢናውን የሚለየውን ላሜራ በቀኝ በኩል ይዩ፤ የቀድሞው መሪና ፍሬን ያለፉባቸው ቀዳዳዎች በደንብ በተበየደ ላሜራ ተደፍነዋል ወይስ በማስቲሽ? የፍሬን ኃይል ማገዣው ከቦታው ሳይነሳ በቀኝ ቀርቶ ፔዳሉ በረጅም ዘንግ ከተገናኘ፣ ፔዳሉን ጠንከር አድርገው ሲረግጡ ዘንጉ ሲጣመም ይሰማል፤ እግርዎ ላይ የመላላት ስሜት ይመጣል። ይህ ለዋጋ ድርድር የሚቀርብ ጉድለት አይደለም፤ መኪናውን ትተው ይሂዱ።

ማታ ከግድግዳ ፊት በአምስት ሜትር አቁመው አጭሩን መብራት ያብሩ። የብርሃኑ ጠርዝ ወደ ግራ ከፍ የሚል ከሆነ የፊት መብራቶቹ የጃፓን ናቸው፤ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይመታሉ። መብራት መቀየር ይቻላል፤ ወጪውን ግን ገዢው መክፈል የለበትም። ዳሽቦርዱንም በጣትዎ ይጫኑት፤ በደንብ ያልተገጠመ ከሆነ ኮረኮንች ላይ ሲንጫጫ ይኖራል፣ ለቀጣዩ ገዢም መጀመሪያ የሚሰማው እሱ ነው።

ገዢ የሚቀንስበት ሌላው ሁሉ

ቀለም ቀዳሚ ነው። «ቀለም ያልነካው» የሚለው ቃል ማስታወቂያ ላይ የሚበዛው ዋጋ ስለሚጨምር ነው፤ ስለዚህም ሳይለኩ አይመኑት። የቀለም ውፍረት መለኪያ ያለው መካኒክ ይዘው ይሂዱ። የፋብሪካ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ከ80 እስከ 150 ማይክሮን ነው። 200 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ተደርቦ ተቀብቷል። ከ500 ካለፈ ሥሩ ስቱኮ፣ ማለትም የተመታ ቦታ መሙያ፣ አለ። መለኪያው ከሌለ ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለው በየበሩ፣ በፓራፋንጎውና በጣሪያው ያስኪዱ፤ ስቱኮ ያለበት ቦታ ሲደርስ ይለቃል። አንድ በር ወይም ፓራፋንጎ መቀባቱ የአዲስ አበባ ትራፊክ ያመጣው ነው፣ አያስደነግጥም። ጣሪያው ወይም በሮቹ የሚገጠሙበት ምሰሶ ላይ ስቱኮ ካለ ግን መኪናው ተገልብጧል ወይም ክፉ ተመቷል፤ ከኢንሹራንስ ጨረታ ተገዝቶ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ከአሜሪካ የመጣ ባለ 17 አሃዝ ከሆነ፣ እዚያ ያለ ዘመድ በሻንሲ ቁጥሩ የአደጋና የጨረታ ታሪኩን ሊያወጣልዎ ይችላል፤ ወጪው ከሚያድነው አንጻር ኢምንት ነው።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ይመለሳል፤ የፔዳል ጎማና የመሪ ቆዳ ግን አይመለሱም። 60,000 ኪሎ ሜትር የሚያሳይ መኪና የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ካለቀ ወይም አዲስ ከተገጠመለት ቆጣሪው እየዋሸ ነው። የጎማውን ዕድሜ ከጎኑ ካለው አራት አሃዝ ይወቁ፤ 2319 ማለት በ2019 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። የደህንነት ቀበቶው ግርጌ ላይ የተሰፋው ጨርቅም ብዙ ጊዜ የተሠራበትን ቀን ይይዛል፤ ከሊብሬው የሥሪት ዘመን ጋር ያስተያዩት።

የማቀዝቀዣው ሥርዓት ላይ ቆም እንበል፤ በአዲስ አበባ ከየትኛውም በላይ ሞተር የሚገድለው እሱ ነው፤ ገዢዎችም ይህን እየተማሩ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ክፍት ውሃ 92 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ላይ ይፈላል። የቪትዝ ሞተር የሚሠራው ከዚያ ብዙም ባልራቀ ሙቀት ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ይዞ የመፍያውን ነጥብ ከፍ ያደርገዋል፤ ክዳኑ ከላላና ኩላንት (የማቀዝቀዣው ፈሳሽ) በቧንቧ ውሃ ከተተካ ግን ዳገት ላይ መፍላት አይቀርም። መኪናው ሲሞቅ አንዳንድ ጋራዥ የሞተሩን ሙቀት የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታት አውጥቶ ይጥለዋል። ሙቀቱ ለጊዜው ይወርዳል፤ ሞተሩ ግን ዘወትር ቀዝቅዞ ይሠራል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱም ይቆሽሻል። ውሃው ደግሞ ውስጡን ያዝገዋል፤ ብዙ ጊዜ መጨረሻው የቴስታታው ማሸጊያ፣ የጓርኒሲዮኑ፣ መቃጠል ነው።

ይህን በአሥር ደቂቃ ማወቅ ይቻላል። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ይድረሱ፤ ሻጩ አሙቆ ከጠበቀዎት ቀጠሮውን ይለውጡ። የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው ይዩ፤ ሮዝ ወይም አረንጓዴ ንጹሕ ፈሳሽ ጥሩ ነው፣ ቡናማ ውሃ ግን ዝገት ነው፣ የዘይት ቅባት ከተንሳፈፈበት ይሂዱ። ሞተሩን አስነሥተው የላይኛውን የራዲያተር ጎማ ይንኩ፤ ቴርሞስታት ካለ ጎማው ለደቂቃዎች ቀዝቃዛ ቆይቶ በድንገት ይሞቃል። ከመጀመሪያው ጀምሮ ቀስ በቀስ ከሞቀ ቴርሞስታቱ የለም፣ ወይም ክፍት ላይ ቀርቷል። ጭሱንም ይዩ፤ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው፣ የፒስተኑ ፋሻ ወይም የቫልቭ ጎሚኒው አልቋል። ሞተሩ ሞቆም የማይጠፋ ነጭ ጭስ ከጓርኒሲዮኑ ነው።

አውቶማቲክ ቪትዞች ብዙዎቹ ሲቪቲ የሚባለው፣ በጥርስ ፈንታ በቺንጋ የሚሠራ ማርሽ አላቸው፤ ይህ ማርሽ የራሱን ዘይት ይፈልጋል። ተራ የአውቶማቲክ ማርሽ ዘይት ከተጨመረበት ውስጡ ያለው የብረት ቺንጋ ይንሸራተትና ይበላሻል። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ያለውን ዳገት ይዘው ይውጡ፤ በሰዓት ከ20 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ላይ መንቀጥቀጥ ወይም የሚያፏጭ ድምፅ ካለ፣ ወይም ከኤን ወደ ዲ ሲያስገቡ ቆይቶ ከተነሣ ማርሹ መድከም ጀምሯል።

የኤሌክትሪክ መኪና፤ ለብቻው የሚሰላ

ከላይ ያለው ሕግ እዚህ ተገልብጦ ይሠራል። የነዳጅ መኪና መተኪያው እየጠፋ ሲወደድ፣ የኤሌክትሪኩ መተኪያ በየዓመቱ ይመጣል፤ የሚመጣው ደግሞ ባትሪው የተሻሻለ፣ አንዳንዴም በዶላር የረከሰ ነው። ተገጣጥሞ ያለቀለት የኤሌክትሪክ መኪና 15 ከመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ እንዲከፍል፣ ከኤክሳይዝና ከተጨማሪ እሴት ታክስም ነፃ እንዲሆን መደረጉ አዲሱን ለመግዣ ምቹ አደረገው፤ አዲሱ ሲረክስ ደግሞ አሮጌውን ይጎትታል። ስለዚህ የኤሌክትሪክ መኪና ሲገዙ ትርፍዎን ከነዳጅ ቁጠባው ያስሉ፤ ከመሸጫው ዋጋ አይጠብቁት።

ገዢ በጣም የሚፈራው ባትሪውን ነው፤ ፍርሃቱን የሚፈታው ደግሞ ልኬት ነው። ምሳሌ፦ አዲስ ሳለ 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ እንውሰድ። ከመለኪያው ቀን በፊት አንዴ እስከ 100 ከመቶ ይሞላ፣ ከዚያ እስከ 20 ከመቶ ይነዳ። አሁን ከ20 እስከ 80 ይሙሉትና ከግድግዳው የወሰደውን በቻርጀሩ ወይም በቆጣሪው ይመዝግቡ። በቤት ቻርጀር ከሚወሰደው አንድ አሥረኛ ያህሉ ባትሪው ሳይደርስ ይባክናል። ቻርጀሩ 34 ኪሎዋት ሰዓት ካሳየ፣ በ0.9 ሲባዛ 30.6 ነው፤ ይህ 60 ከመቶ ስለሆነ ለ0.6 ሲካፈል 51 ይመጣል። 51 ለ60 ሲካፈል 85 ከመቶ፤ የባትሪው ጤና በግምት ይህ ነው። መኪናው ውስጥ የሚሰካ ማንበቢያና መተግበሪያ ካለ ውጤቱን ከዚህ ጋር ያስተያዩ፤ በዚያው የእያንዳንዱ ሴል (ባትሪው የተሠራበት ትንሽ ክፍል) ቮልቴጅ መቀራረቡንም ይዩ። አንድ ሴል ከሌሎቹ ወደ ኋላ ከቀረ የባትሪው አጠቃላይ ቁጥር ጥሩ ቢመስልም ችግር አለ።

ከታች ሆነው የባትሪውን ሽፋን ይመርምሩት። ጉብታና ያልተስተካከለ ኮብልስቶን ላይ የተፋተገ መኪና እዚያ ይታያል፤ ጭረት ብቻ ከሆነ ይታለፋል፣ ወደ ውስጥ የገባ ከሆነ ግን ባትሪው ተመቷል።

ሦስት ነገሮች ደግሞ ከባትሪው ጤና እኩል ዋጋ ያንቀሳቅሳሉ። አንደኛው የመሙያ ቀዳዳው ነው፤ ለቻይና ገበያ የተሠሩት የቮልስዋገን አይዲ 4 እና የቢዋይዲ ብዙዎቹ ጂቢ ቲ የተባለውን ይይዛሉ፣ ለአውሮፓ የተሠሩት ሲሲኤስ 2። በሚኖሩበት አካባቢ ያለው የመሙያ ጣቢያ የትኛውን እንደሚሰጥ ሳያጣሩ አይግዙ፤ መቀያየሪያ አስማሚ ካለው ከመኪናው ጋር መሰጠቱን ያረጋግጡ። ሁለተኛው ቋንቋ ነው፤ ስክሪኑ ቻይንኛ ብቻ የሆነ መኪና ገዢው ይጠባል። ሦስተኛው ዋስትና ነው፤ አምራቹ ለባትሪ የሚሰጠው የ8 ዓመት ዋስትና በሌላ አገር ገበያ ለተሸጠ መኪና እዚህ የሚሠራ ወኪል ከሌለ ወረቀት ብቻ ይሆናል። ከአስመጪው የጽሑፍ ዋስትና ከተገኘ ስሙ ሲዞር አብሮ የሚተላለፍ መሆኑን ያንብቡ።

ባትሪውን ለማቆየት ዓይነቱን ይወቁ። የቢዋይዲ ብሌድ ባትሪ ኤልኤፍፒ (በብረትና ፎስፌት የሚሠራ) የሚባለው ነው፤ በሳምንት አንዴ ያህል እስከ 100 መሙላቱ የቀረውን መጠን ጠቋሚው እንዳይሳሳት ይረዳዋል። በአይዲ 4 የሚገኘው ኤንኤምሲ (በኒኬል፣ ማንጋኒዝና ኮባልት የሚሠራ) ደግሞ ለዕለት ሥራ ከ80 ባያልፍ ይመረጣል። ሁለቱንም የሚጎዳቸው ሙሉ ተሞልተው ፀሐይ ላይ ለቀናት መቆም ነው። የአዲስ አበባ አየር ለባትሪ ምቹ ነው፤ አፋር ወይም ድሬዳዋ የኖረ መኪና ግን ከመገዛቱ በፊት መለካት አለበት። የ12 ቮልቱን ትንሽ ባትሪ አይርሱ፤ እሱ ሲሞት ትልቁ ሙሉ እያለም መኪናው አይነሣም፣ የማያውቅ ገዢም መኪናው ተቃጠለ ብሎ ይሸሻል።

ገንዘብ የሚመልስና የማይመልስ ወጪ

ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትር፣ በአምራቹ ቅጥነት። ለአዲሶቹ ትንንሽ ሞተሮች የተጻፈው 5ደብሊው30 ሆኖ ሳለ ወፍራም 20ደብሊው50 ማድረግ የሞተሩን ድምፅ ይሸፍናል፣ ሞተሩን ግን አያድንም። የሲቪቲ ዘይት በየ40,000 እስከ 60,000። ኩላንት በየሁለት ዓመቱ። ደረሰኙንና ኪሎ ሜትሩን የሚጽፉበት ደብተር ይያዙ፤ ይህ ደብተር ከማንኛውም ማስዋቢያ በላይ ዋጋ ያስገኛል፣ ገዢው ሊጠራጠርበት የሚችለውን ነገር ይወስድበታልና። ሁለተኛውን ቁልፍ ያስቀምጡ። አራቱን ጎማ አንድ ዓይነት ያድርጉ።

የማይመልሱት ደግሞ ድምፅ ማጉያ፣ ትልልቅ ቸርኬና ለሽያጭ ተብሎ የሚደረግ ሙሉ ቀለም ናቸው። ሙሉ ቀለም የተቀባ መኪና ገዢ አያምነውም፤ ያረጀውን የፋብሪካ ቀለም ማስጠረግና የተጋጨችውን አንድ ቦታ ብቻ ማስተካከል ይሻላል። ቀለሙን ጨርሶ መቀየር ከሊብሬው ጋር ስለሚጣላ ለቦሎም ለስም ዝውውርም ጣጣ ነው። ዳሽቦርድ ላይ የበራ የማስጠንቀቂያ መብራት ካለ ግን አሠርተው ይሽጡ፤ 5,000 ብር ለሚፈጅ ሴንሰር ገዢ 50,000 ሊቀንስ ይጠይቃል፣ ሊያውቀው አይችልምና።

ሲሸጡ

የገበያውን ዋጋ ለማወቅ በዓመት፣ በሲሲና በኮድ ተመሳሳይ የሆኑ አሥር ያህል ማስታወቂያዎች ይሰብስቡ፤ ከላይ ሁለቱንና ከታች ሁለቱን ይጣሉ። የቀረው የሚጠየቅ ዋጋ ነው፣ የሚሸጥበት አይደለም። ስለዚህ በተለያየ አካባቢ ላሉ ሁለት ደላሎች እንደ ገዢ ሆነው ይደውሉ፤ «ስንት ቢሆን ይወጣል?» ሲሉ የሚሰሙት ቁጥር ወደ እውነቱ ይቀርባል። የደላላውን ኮሚሽን መኪናው ከመታየቱ በፊት በመቶኛ ይስማሙ።

ኮዱና ወረቀቱ የዋጋው አካል ናቸው። ኮድ 2 የግል መኪና በቀላሉ ይዞራል። ኮድ 3 የንግድ መኪና ከሆነ የግብር ክሊራንስ ስለሚጠየቅ ከመሸጥዎ ሳምንታት በፊት ይጀምሩ። ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ቀረጡ ሳይከፈል ስሙ አይዞርም፤ ከዋጋው ጋር እየተዋሃደ የሚነገር ወሬ ሳይሆን በጽሑፍ የተሰላ ቁጥር ይዘው ለገዢው ያሳዩ። የባንክ ዕዳ፣ የፍርድ ቤት እግድና የትራፊክ ቅጣት መጽዳታቸውን፣ ቦሎው መታደሱን፣ የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር አንድ መሆኑን ቀድመው ያጣሩ። ሞተር ተቀይሮ ከሆነና ካልተመዘገበ ገዢው የሚያውቀው ስም ሊዞር ሲል ነው፤ ያኔ ሽያጩ ይፈርሳል፣ ወይም ዋጋው እዚያው ቢሮ በር ላይ ይቆረጣል።

ክፍያው በሲፒኦ ወይም በባንክ ዝውውር ይሁን፤ ገንዘቡ ሒሳብዎ ውስጥ መግባቱን በባንኩ ያረጋግጡ እንጂ በስልክ በታየ ምስል አይመኑ። ውሉን ውልና ማስረጃ ይፈርሙ። በውክልና ብቻ መኪና አስረክቦ መለያየት ዋጋው ጥሩ ሲሆንም አያዋጣም፤ በፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 መሠረት መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ባለንብረቱ ይጠየቃልና፣ ስሙ እስኪዞር ድረስ ሊብሬው ላይ ያለው ስም የእርስዎ ነው። ከገዢው ጋር አብረው ሄደው ስሙ መዞሩን በዓይንዎ ያዩ ዕለት የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱንም በዚያው ያዛውሩ፣ ወይም ያቋርጡ።